የማይቀመስ አይገባም

ሊወስዱን ሲመጡ ወንድምጋሼ ሸሚዙን ገልቦ መርፌውን ሊወጋ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቤታችን ኮተቤ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። እናታችን ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እኔ ለሻይ ውሃ ጥጃለሁ። አራት ሰዎች ሳያንኳኩ ገቡ። ሁለቱ ዩኒፎርም ለብሰዋል፤ ሁለቱ እንደ ማንኛውም የሰፈር ሰው ጃኬት አድርገዋል። አንደኛው መርፌውን ሲያይ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ።

«ጣለው!»

«መድኃኒት ነው» አለ ወንድምጋሼ። «አንድ ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።»

አልሰጡትም። መርፌው ወለሉ ላይ ወደቀ። አንዱ ረገጠው። ሲሰበር የሰማሁትን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ፤ ትንሽ ድምፅ ነው፤ የሽንብራ ቆሎ ሲታኘክ ዓይነት።

ወንድምጋሼ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ስኳር በሽታ የያዘው ገና በአሥር ዓመቱ ነው። ፍሪጅ ስለሌለን ኢንሱሊኑን እናቴ የምታስቀምጠው በትንሽ እንስራ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ መሃል ነው። በየጠዋቱ አሸዋው ላይ ውሃ ትረጫለች። መጀመሪያ ራሱን ሲወጋ እጁ ተንቀጥቅጦ እምቢ ብሎት እሷ አንጓውን ይዛለት ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ ነግራናለች። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ይወጋል። አንድም ቀን አልፎት አያውቅም። ያን ጠዋት አለፈው።

እሱን የወሰዱት በአስተማሪዎች ስብሰባ ላይ ተናግሯል ስላሉት ነገር ነው። እኔን ለምን እንደወሰዱኝ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። «አንተም ና» አሉኝ፤ ሄድኩ።

ያስገቡን ግቢ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር ይባላል። እውነት ይመስለኛል፤ ጥግ ጥጉ ላይ የጤፍ ብናኝ ነበር። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይንጠባጠባል። ሃያ ስድስት ሰው ነበርን። ከላይ በሽቦ የታጠረች አንዲት መስኮት አለች፤ በእሷ የተራራው ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ነፋስ ሲነሳ ሽታው ይገባል። ቀሪው ሽታ የእኛ ነው። ቆርቆሮው አንድ ቦታ ተሰንጥቋል። ዓይንን እዚያ ቢያስጠጉ የግቢው በር ይታያል። ቤተሰቡ የሚመጣበት ሰው ተራ ይዞ እዚያ ይቆማል።

በሩ ላይ የሚፈትሸው አንድ ሃምሳ አለቃ ነው። ያኔ ወፍራም፣ ቀይ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ምግብ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ራሱ እሱ ፊት ቆሞ መቅመስ አለበት። ከወጡም፣ ከእንጀራውም፣ ከሻዩም። ሌሎቹ ዘበኞች አንዳንዴ ያልፉታል። እሱ አንድም ቀን አያልፍም። እኛ «አስቀማሹ» እንለዋለን።

«እህቴ እኔን ልትጠይቅ እየመጣች ወፈረች» ይል ነበር አንድ የላምበረት ተሸካሚ፣ አጠገባችን የሚተኛ ልጅ። «ግማሹን እዚያ በር ላይ ትበላዋለች። እኔ ስወጣ እሷን የሚያገባ አይጠፋም።»

እናቴ በሁለተኛው ቀን መጣች። በስንጥቁ የማየው እኔ ነበርኩ። ወንድምጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የምሳ ዕቃውን ከፈተች፤ ቀመሰች። ከዚያ ከቦርሳዋ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ብልቃጥና መርፌ አወጣች። በሩ ቅርብ ስለሆነ ንግግሩ ይሰማል።

«ይቅመሱት» አላት አስቀማሹ።

«አይቀመስም ልጄ። በመርፌ ነው የሚወሰደው።»

«የማይቀመስ አይገባም።»

«የሐኪሙ ወረቀት ይኸው። እየው።»

«እናት፣ እኔ ወረቀት አላውቅም። እርስዎ ሊመርዙት ነው ማለቴ አይደለም። ሕግ ነው። ይቅመሱ።»

እናቴ የብልቃጡን ጎማ በመርፌው ወጋች፤ ሳበች፤ አፏን ከፍታ ምላሷ ላይ ጨመቀችው። እንደ ጠበል ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው። እሱ ፊቷን እያየ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን።

«እንዴት ነው?»

«ይመራል።»

«ጥሩ። ብልቃጡ ይግባ። መርፌው ግን ስለት ነው። ስለት አይገባም።»

«ያለ መርፌ ምን ያደርግለታል?»

«እርስዎ ጠጥተውት ምን ሆኑ? እሱም ይጠጣዋ።»

የቀለደ አልመሰለኝም። ቀልዶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ለመነችው። ነጠላዋን አውልቃ መሬት ላይ አንጥፋ ተንበረከከች። «ይነሱ እናት፣ ሰው ያያል» አላት በዚያ ለስላሳ ድምፁ። መርፌውን ይዛ ተመለሰች።

ብልቃጡ ከምሳ ዕቃው ጋር ገባ። ወንድምጋሼ ተቀብሎ መዳፉ ላይ አገላበጠው። ተሸካሚው ልጅ አየውና፣

«ጠጣው እንጂ ቲቸር» አለው። «እናትህስ ጠጥታው የለ?»

ወንድምጋሼ ሳቀ። አጠገባችን ከእንጦጦ ጀርባ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገራሉ። አባባ እንላቸዋለን። መቁጠሪያ አላቸው። ወንድምጋሼ ለመናቸውና መቁጠሪያውን ተቀበለ፤ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው» አለ። «ፕሮቲን ማለት እንዲህ ነው፤ ጥቃቅን ዶቃ በተራ የተሰካበት ክር። ተራው ካልተዛባ፣ ክሩ ካልተበጠሰ ይሠራል። ሆድ ደግሞ ሥራው መበጠስ ነው። ሥጋም ይግባ ሽሮም ይግባ ዶቃ ዶቃውን በትኖ ነው የሚያሳልፈው። ይሄ መድኃኒት ነው ብሎ አያዝንም። እናቴ የዋጠችው አሁን መድኃኒት አይደለም። እንደ አንድ ጉርሻ ሽሮ ነው።»

«መቁጠሪያዬን እንዳትበጥስ ብቻ» አሉ አባባ።

«ታዲያ ባትወስደውስ?» አለ ተሸካሚው።

«ሾላ ገበያ እህል ሞልቶ ቤትህ ተቆልፎብህ ብትራብ ማለት ነው። ስኳሩ ደሜ ውስጥ ሞልቷል። ወደ ሰውነቴ የሚያስገባው ነው የጠፋው። ሰውነት ሲርበው የራሱን ስብ ያነዳል። የሚገድለው ጭሱ ነው። ጭሱ በትንፋሽ ሲወጣ ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ይሸታል።» ወደ እኔ ዞረ። «ያን ስታሸት ንገረኝ።»

እሺ አልኩት።

አባባ ከጋቢያቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ሰጡት። ሆዱን በእሷ ቧጨረና ጠብታ አደረገበት። ጠብታው ከደሙ ጋር ወርዶ ሱሪው ላይ ቀረ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። «ወተት በወንፊት» አለና ቁልፉን መለሰላቸው።

ውሃ ጠማው። የራሳችንን ውሃ ሰጠነው። ይጠጣል፤ ይሸናል። በሦስተኛው ቀን የሽንት ባልዲው ዙሪያ ጉንዳን ተሰበሰበ። «አየህ» አለኝ፣ «ጉንዳን ላብራቶሪ አያስፈልገውም።» በአራተኛው ቀን ጠዋት ሊያናግረኝ ሲጠጋ ሸተተኝ። ሙዝ ነው።

«ሸተተህ?» አለኝ።

«አልሸተተኝም።»

ራሱን ነቀነቀ። ሲፈትነኝ የተሳሳተ መልስ ስሰጠው እንደሚያደርገው ነው።

በአምስተኛው ቀን የእንጦጦን ዳገት በሩጫ እንደሚወጣ ሰው ይተነፍስ ጀመር። ተቀምጦ ነው እንዲህ የሚተነፍሰው። በሩን ደበደብን። አስቀማሹ መጣ፤ በቀዳዳው አየውና «ነገ ሐኪም ይመጣል» አለ። «አስተማሪ ሲባል ማጋነን ይወዳል።» ዘጠኝ ሰዓት ላይ መናገር ሲያቆም በብርድ ልብስ አውጥተው ወሰዱት። መሞቱን የነገሩኝ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። ብልቃጡ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሙሉ ነው፤ የጎደለው እናቴ የዋጠችውና እሱ ሆዱ ላይ ያንጠባጠበው ብቻ ነው።

እስከዚህ ያለውን ለሰው ተናግሬ አውቃለሁ። ቀጥሎ ያለውን ከእናቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ አስቀማሹን ማየት ሆነ። እንዴት እንደምገድለው አስብ ነበር። በጡብ። በቀበቶ። በእጄ። ከእንቅልፌ ስነቃ እጄ ተጨብጦ አገኘዋለሁ። ጸጥ ያልኩ ስለመሰላቸው በሦስተኛው ወር የግቢ ጠራጊ አደረጉኝ። ጠዋት እጠርጋለሁ፤ ውሃ እቀዳለሁ፤ ለዘበኞቹ ሻይ አደርሳለሁ። እሱ «ጠራጊ» ይለኛል። ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ቀበቶውን ነው። በምስማር አዲስ ቀዳዳ ተበስቶበታል። በሌላ ሳምንት ሌላ ቀዳዳ። የውሃ ጆጉን ቀን ሁለቴ እሞላለት ነበር፤ አራቴ ሆነ። ስም ሲጠራ ወረቀቱን ያርቃል፣ ያቀርባል፤ «መነጽር ሳያስፈልገኝ አልቀረም» ይላል። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአጥሩ ጀርባ፣ እሱ ቆሞ የሚሸናበት ባሕር ዛፍ ሥር ስጠርግ ጉንዳኑን አየሁት። ግንዱ ሥር ጥቁር ሆኖ ይርመሰመሳል።

መጥረጊያውን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ሳልጠርገው ተመለስኩ።

«አቅም አነሰኝ» ይላቸው ነበር ጓደኞቹን። «ደም ማነስ ነው አሉኝ።» ሚስቱ ከገጠር የመጣ ማር በጠርሙስ ላከችለት። «ጠራጊ፣ ብርዝ ትችላለህ?» አለኝ። እችላለሁ አልኩት። ማሩን በውሃ በጥብጬ አመጣሁለት። ኩባያውን ሳላቀብለው፣

«ቅመስ» አለኝ።

ቀመስኩ። ዋጥኩ። ፊቴን አይቶ ተቀበለኝና ጠጣ። «ይበርታ፤ ነገ ማሩን ጨምርበት» አለ።

ጨመርኩበት። አንድ ማንኪያ ሲለኝ ሁለት አደርጋለሁ። ሁለት ሲለኝ አራት። በየቀኑ ቅመስ ይለኛል፤ በየቀኑ እቀምሳለሁ። ይጣፍጣል። እኔ ምንም አልሆንም። እሱ ግን በሳምንት በሳምንቱ ከዩኒፎርሙ እየጎደለ ነው። በሩ ላይ አሁንም እናቶችን ያስቀምሳል። አየዋለሁ። ሄጄ ብርዙን አወፍራለሁ። በሕይወቴ ያን ያህል ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

አባባ ለመታጠብ ሲወጡ ጉንዳኑን አይተው ኖሯል። ከሰዓት በኋላ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ግንዱ ሥር ያለውን አየኸው?»

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለህ? ወንድምህ ያስተማረኝን እኔ ሳልረሳ አንተ ረሳህ?»

ፊቴን ወደ መስኮቷ አዞርኩ።

«ዝም ብለህ ልትገድለው ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁት አባባ? ማር ነው የሰጠሁት። ራሱ ያዘዘኝን።»

«እሱስ ያኔ ምን አደረገ?» አሉ። «ሕግ ነው ያለው።»

ተነስቼ ሌላ ጥግ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን አላናገርኳቸውም። እሳቸውም አልተከተሉኝም፤ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስም ሲጠራ አስቀማሹ መስመሩን ይዞ እየቆጠረ አጠገቤ ሲደርስ ሚዛኑን ሳተና ትከሻዬን ያዘ። ፊቱ ፊቴ አጠገብ መጣ። ሸተተኝ። የበሰለ ሙዝ ነው። ከዚያ ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ? ቅዳሴ ጨርሶ እንደሚወጣ ሰው ደስ አለኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። «ብርዜን አምጣ። አፌ ደረቀ።» ሄድኩ። ጠርሙሱ ግማሽ ነበር። አምስት ማንኪያ አደረግሁበት። ይዤ ስመለስ አተነፋፈሱን ሰማሁት። ረጅም ነው። ዳገት እንደሚወጣ ሰው።

«ቅመስ» አለኝ። ዓይኑን አልከፈተም።

ቀመስኩ። ጣፈጠኝ። ኩባያውን ይዤ ቆምኩ። እጁን ዘረጋ። ሌላ ነገር የሚሰማ የለም፤ ያ ትንፋሽ ብቻ ነው። ወንድምጋሼን በብርድ ልብስ ሲያወጡት ያጀበው ያ ትንፋሽ ነው።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አላዘንኩለትም። የታየኝ ይህ ነው፤ ይህ ሰው ሳያውቅ ሊሞት ነው። ደም ማነስ ገደለው ሊባል ነው። ሚስቱ አልቅሳ ትቀብረዋለች፤ እሱ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ፣ ምን እንደተደረገበት ሳያውቅ ይተኛል። ለእኔ ይህ አነሰኝ።

ብርዙን መሬት ላይ ደፋሁት።

«ምን ሆንክ አንተ?» ዓይኑን ከፈተ። «አበድክ?»

«አይጠጡት።»

«መርዘኸዋል!»

«ማር ብቻ ነው። ሲያስቀምሱኝ ከርመዋል። ለእርስዎ ግን መርዝ ነው። ስኳር በሽታ አለብዎት። ወንድሜን የገደለው።»

ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«የቱ ወንድምህ?» አለ።

አራት ወር ሙሉ የጠላሁት ሰው አላወቀኝም። «አስተማሪው» አልኩት። «መርፌው ስለት ነው ያሉት። እናቱን መድኃኒት ያስቀመሷት።»

«የጠጣችዋ ሴትዮ?»

«እናቴ ናት።»

አንድ ሁለቴ ተነፈሰ። የደፋሁትን እርጥብ መሬት አየ።

«ዛሬ ሐኪም ቤት ይሂዱ» አልኩት። «ነገ አይበሉ። ትንፋሽዎ ሸትቷል። ከሸተተ በኋላ ወንድሜ የቆየው ሁለት ቀን አይሞላም። መድኃኒቱን በመርፌ ይሰጡዎታል። እንዳይጠጡት።»

ሌላው ዘበኛ ጩኸቱን ሰምቶ መጣና በጥፊ መታኝ፤ መርዘኸዋል እያለ። አስቀማሹ «ተወው» አለ። ከበርጩማው ሊነሳ ሞከረና አልቻለም። በመኪና ወሰዱት። መጥረጊያውን ነጥቀው እኔን አስገቡኝ። አባባ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ምንም አላሉኝም። ከምሳቸው አጎረሱኝ። ከተያዝኩ ጀምሮ ማንም አጉርሶኝ አያውቅም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ዩኒፎርሙ እንደ ተውሶ ልብስ ሆኖበታል። ስም ጠራ። የእኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከወረቀቱ ቀና ሳይል ቀስ ብሎ፣

«ቀን ሁለቴ ነው አሉኝ» አለ።

«እስከ ዕድሜ ልክዎ ነው» አልኩት።

ቀጣዩን ስም ጠራ። በዚያው ሳምንት የአንድ አስም ያለበት ልጅ አባት በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት ይዞ ሲመጣ በስንጥቁ አየሁ። አስቀማሹ ተቀበለው፤ አገላበጠው። ቅመሱ አላለም። አስገባው። ይህን የምጽፈው ስለሆነ ብቻ ነው። ለእሱ የሚቆጠርለት ነገር አድርጌ አይደለም። ለወንድምጋሼ ዘግይቷል።

ከወጣሁ ዓመት አለፈኝ። ላምበረት አጠገብ እንጨት ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ አልጋና በር እንሠራለን። ብልቃጡን ለእናቴ መለስኩላት። እንስራው ውስጥ፣ ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ዛሬም በየጠዋቱ አሸዋው ላይ ውሃ ትረጫለች። ተዪው አልላትም።

ባለፈው እሁድ ሁሉንም ነገርኳት። ማሩንም፣ ማንኪያውንም፣ የደፋሁትንም። ምስር እየለቀመች ነበር። ለምን ነገርከው አላለችኝም። ለምን ጨመርክበትም አላለችኝም። ከምስሩ ጠጠር ለቅማ ጣለችና፣

«መርፌውን ማን ነው የሚወጋው?» አለች።

«ራሱ ነው።»

«መጀመሪያ እጅ ይንቀጠቀጣል» አለች። ምስሩን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው። «አንጓውን የሚይዝለት ሰው ይኖረው ይሆን?»

አላውቅም አልኳት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ እንጦጦ ላይ ጉሙ ሳይነሳ፣ አስቀማሹን አስበዋለሁ። አሁን ሸሚዙን ገለበ እላለሁ። አሁን መርፌውን ያዘ። እንዲሞት አልፈልግም። ረጅም ዕድሜ እንዲኖር ነው የምፈልገው፤ በየጠዋቱ፣ በየማታው። አንጓውን የሚይዝለት ሰው ግን እንዳይኖረው።